ልጆችን ይዞ በእግር መጓዝ፦ ጨዋታ እንደ ጤና ጥበቃ በቡሌ ሆራና በደቡብ ቆላ ከተሞች

መግቢያ

ቡሌ ሆራ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጉጂ ዞን ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቆረቆረች አየሯ ወይና ደጋ ነው፤ በዙሪያዋ ቡና ይበቅላል፣ ከብት ይሰማራል። መንገዱ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ግራርና ኩይሳ ወደሚበዛበት ወደ ያቤሎና ወደ ሜጋ ያደርሳል። ነገሌ ቦረና ደግሞ በምሥራቅ አቅጣጫ፣ በሊበን ሜዳ አጠገብ ትገኛለች።

ይህን በመሰለ አገር ልጅን ከቤት አውጥቶ በእግር ማንሸራሸር የሐኪም ምክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አይመስልም። ዳሩ ግን በእነዚህ ከተሞች የሚያድገው ልጅ ሳምንቱን የሚያሳልፈው በመማሪያ ክፍል፣ በግቢ ውስጥና በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ፊት ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው እኩያው በተቃራኒው ከጠዋት እስከ ማታ ይራመዳል፤ ጥጃ ይከተላል፣ ውኃ ይቀዳል። ለመጀመሪያው ልጅ የጎደለው እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ለሁለተኛው የጎደለው ዕረፍትና ጨዋታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር በእግር ሲጓዝ ሊጫወታቸው የሚችሉትን ጨዋታዎች ከጤና አንጻር ማብራራት ነው። ወላጆች ብዙውን ጊዜ ጨዋታንና ጥንቃቄን እንደ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይመለከቷቸዋል፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው የሚቀንስ ይመስላቸዋል። በአግባቡ የተመረጠ ጨዋታ ግን ጥንቃቄውን በውስጡ ይዞ ይመጣል። «ውኃ ጠጣ» የሚለውን ትእዛዝ የማይሰማ ልጅ፣ ውኃ መጠጣት የጨዋታው ሕግ ሲሆን ሳይታዘዝ ይጠጣል።

በእግር መጓዝ ለልጅ ጤና የሚሰጠው ጥቅም

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ኃይል የሚጠይቅ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለ3 እና ለ4 ዓመት ሕፃናት ደግሞ በቀኑ ውስጥ የተከፋፈለ ቢያንስ 180 ደቂቃ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው ጠንከር ያለ ሊሆን ይገባል። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፣ አጥንትን ያዳብራል፣ እንቅልፍንም ያስተካክላል።

ሁለተኛው ጥቅም ከፀሐይ ብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። የልጅ አጥንት እንዲጠነክር ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ሰውነታችን ይህን ቫይታሚን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው ቆዳችን የፀሐይን ጨረር ሲያገኝ ነው። በቂ ብርሃን ያላገኘ ሕፃን ሪኬትስ ለተባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ይጋለጣል። የበሽታው መዘዝ በእግር መጣመም ብቻ አያበቃም፤ የጎድን አጥንት ሲለሰልስና ጡንቻ ሲደክም መተንፈስም ይታወካል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። በአዲስ አበባ ኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ሲኖርባቸው፣ ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ምክንያቶች በስሌት ከተለዩ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ልጁን ከብርድና ከምች ለመጠበቅ ብላ በቤት ውስጥ ሸፍና የምታሳድግ እናት፣ ሳታውቀው የምትፈራውን በሽታ ልትጠራው ትችላለች ማለት ነው።

ችግሩ የጨቅላ ሕፃናት ብቻ አይደለም። በአዳማ ከተማና በአካባቢው ገጠር የሚማሩ ልጆችን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የቫይታሚን ዲ እጥረት በከተማዎቹ ተማሪዎች ላይ ወደ 62 ከመቶ፣ በገጠሮቹ ላይ ደግሞ ወደ 21 ከመቶ መሆኑን ዘግቧል። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እየተባለች በምትጠራው አገራችን ይህን ያህል ልዩነት መታየቱ፣ ፀሐይ መኖሩ ሳይሆን ልጁ ወደ ፀሐይ መውጣቱ ወሳኝ እንደሆነ ያስረዳል።

ሦስተኛው ጥቅም ለዓይን ነው። በቻይና በጓንግዡ ከተማ በ12 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ እንቅስቃሴ የተጨመረላቸውን ልጆች ካልተጨመረላቸው ጋር አነጻጽሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ የቅርብ ብቻ የማየት ችግር የያዛቸው ከመጀመሪያዎቹ 30.4 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 39.5 ከመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ልጅ አድማሱን እያየ የሚያሳልፈው ሰዓት ለዓይኑ የሚከፈል ጥሩ ቀረጥ ነው።

ልጅ የሚራመደው እንዴት ነው?

አዋቂ ሰው የሚራመደው ወደ አንድ ቦታ ለመድረስ ነው። ልጅ ግን ከጉንዳን ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ላባ ነው የሚራመደው። ወላጅ አባት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን መንገድ የአራት ዓመት ልጅ በሰዓት ተኩል ቢጨርሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እርምጃው አጭር ስለሆነ አባቱ አንድ ጊዜ ሲራመድ እርሱ ሁለት ጊዜ ይራመዳል፣ በዚያም ላይ ሁሉ ነገር አዲስ ይሆንበታል። ስለዚህ የቤተሰብ ጉዞ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ፍጥነቱም የሚወሰነው በትንሹ ልጅ እግር ነው።

እንደ መነሻ ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉት ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በላይ ላሉት እስከ ሁለት ሰዓት የሚደርስ ንጹሕ የእግር ጉዞ በቂ ነው። ዕረፍቱና ጨዋታው ከዚህ በተጨማሪ ይታሰባል። በአንቀልባ የሚታዘለው ሕፃን ባይራመድም የሙቀቱ ተካፋይ ስለሆነ፣ ራሱ በስስ ጨርቅ መከለል፣ በየጊዜው ወርዶ ጡት መጥባትና አየር ማግኘት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ወላጆች ሊይዙት የሚገባ አንድ የሕክምና ቁም ነገር አለ። በሕፃናት ክፍል የምንሠራ ሐኪሞች የታመመን ልጅ ስንመረምር አስቀድመን ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይጫወታል ወይ?» የሚል ነው። በመንገድም ላይ እንዲሁ ነው። የሚጫወት ልጅ በአብዛኛው ደኅና ነው፤ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ዝም ያለ፣ ወደ ኋላ የቀረ ወይም ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ ልጅ ግን ቁጣ ሳይሆን ጥላ፣ ውኃና ምርመራ ያስፈልገዋል። ጨዋታ የልጅ ቴርሞሜትር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመነሣት በፊት

በቦረናና በጉጂ ቆላማ ክፍሎች ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ደረቅና ሞቃት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቀዝቀዝ ያለና በቆላው ክፍል ዝናብ የማይበዛበት ጊዜ ለቤተሰብ ጉዞ በጣም የሚመች ነው። በዝናብ ወራት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚኖር ጉዞው ጠዋት ተጀምሮ ጠዋት ቢያልቅ ይመረጣል።

በአካባቢው ባለፉት ዓመታት ግጭትና መፈናቀል የደረሰባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ከከተማ ወጣ የሚል ቤተሰብ አስቀድሞ የቀበሌውን አስተዳደርና የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ አለበት። ጥሩ ጉዞ ሩቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ የከተማው ዳር ይበቃል።

የሚያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ሽፍን ጫማ፣ ባለ ክፈፍ ባርኔጣ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የውኃ ዕቃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦና ሙዝ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና የእሾህ መንቀሻ ወረንጦ። ጫማ ከእሾህ በተጨማሪ ከሙጀሌና በቆዳ በኩል ከሚገቡ የአንጀት ትሎች ይከላከላል። ውኃው ከቤት የተቀዳና የታከመ ይሁን፤ የጅረትና የኩሬ ውኃ የጠራ ቢመስልም አይጠጣም።

ጨዋታዎቹ

1. ከጥላ እስከ ጥላ። ይህ በመሠረቱ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት አባሮሽ ነው፤ አባራሪዋ ግን ፀሐይ ናት። የዛፍ ጥላ ሁሉ «ቤት» ይባላል፤ ልጆቹ ከአንዱ ግራር ወደ ሌላው ግራር ይሄዳሉ ወይም ይሮጣሉ። ቤት የገባ ሁሉ ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩም ጥቂት ጉንጭ ውኃ ነው። በዚህ መንገድ ዕረፍቱም መጠጡም ሳይታዘዝ ይፈጸማል። ቀደም ሲል ልጆች ሙቀትን ከአዋቂ ባነሰ ሁኔታ ይቋቋማሉ ይባል ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን አቋሙን አሻሽሎ፣ በቂ ውኃና ዕረፍት ያገኘ ጤነኛ ልጅ ከአዋቂው ብዙም እንደማይለይ ገልጿል። ትልቁ ችግር ልጅ ጨዋታ ሲጥመው መጠጣትንና ማረፍን መርሳቱ ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በእንቅስቃሴ ጊዜ በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ይመከራል፤ ታናናሾቹ ያነሰ መጠን ቶሎ ቶሎ ይጠጣሉ።

ለዚህ ጨዋታ ጥሩ አስተማሪ የሚሆን ወፍ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ይኖራል። ሰውነቱ አመድማ ነጭ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር፣ የዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነው ይህ ቁራ መሰል ወፍ በሳይንሳዊ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከዚህ አካባቢ ውጭ አይገኝም። ተመራማሪዎች ወፉ የሚኖርበት ሥፍራ ከዙሪያው ቆላ ቀዝቀዝ ያለ መሆኑን፣ ሙቀት ሲጨምርም አብረውት ከሚኖሩ ሌሎች ወፎች ቀድሞ ማለክለክና ወደ ጥላ መግባት እንደሚጀምር አረጋግጠዋል። ወፉን ያየ ልጅ «አፉን ከፍቷል ወይስ ዘግቷል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሙቀትን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ይማራል።

2. የጥላ ሰዓት። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቆምና ወንድሙ ወይም እኅቱ ጥላውን በእርምጃ ወይም በገመድ ይለኩለታል። ጠዋት በ1 ሰዓት ጥላው ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ እየረፈደ ሲሄድ ያጥራል። ጥላውና ቁመቱ እኩል የሆኑበት ጊዜ የመመለሻ ደወል ነው። ይህ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም መሠረቱ ሳይንሳዊ ነው፤ ጥላ ከቁመት ሲያጥር ፀሐይ ከፍ ብላ ጨረሯ በርትቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት አካባቢ ክንድና ባት ሳይሸፈኑ የሚደረገው አጭር የመልስ ጉዞ ለቫይታሚን ዲ ይጠቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀትር ግን የጥላ ሰዓት ነው።

3. የኩይሳ ቁመት። ከያቤሎ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የምስጥ ኩይሳዎችን ያያል። ልጆች ሳይወጡበትና ሳይነኩት ቁመቱን ሊለኩት ይችላሉ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በትር አጠገቡ ይተከልና ጥላው ይለካል። የበትሩ ጥላ አንድ ሜትር ተኩል፣ የኩይሳው ጥላ አራት ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ኩይሳው ሦስት ሜትር ነው። ትልልቆቹ ልጆች ሒሳቡን ሲሠሩ ታናናሾቹ ምስጦቹን ይመለከታሉ። የጨዋታው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ እጅ ወደ ማንኛውም ቀዳዳ አይገባም። በኩይሳ፣ በድንጋይ ሥርና በጉድጓድ ውስጥ እባብና ጊንጥ ሊኖር ይችላልና።

4. ዱካ ማንበብ። በአቧራማ መንገድ ላይ የፍየል፣ የግመል፣ የእንሹና የቆቅ ኮቴ ለይቶ ማወቅ ለልጅ ታላቅ ደስታ ነው። «ወዴት ይሄድ ነበር? ሮጦ ነው ወይስ ቀስ ብሎ? ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ። በከብት እርባታ ያደጉ አያቶች በዚህ ጨዋታ ከማንም መምህር ይበልጣሉ፤ እነርሱን ይዞ መሄድ ጉዞውን ወደ ትምህርት ይለውጠዋል። ከጤና አንጻር ሲታይ ደግሞ ዱካ የሚያነብ ልጅ ዓይኑ መሬት ላይ ስለሆነ እግሩን የሚያሳርፍበትን ያያል፤ እሾህንና እባብን ለማስቀረት ከዚህ የተሻለ ልማድ የለም።

5. ማድመጥ። ልጆቹ በጥላ ሥር ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍኑና ለሁለት ደቂቃ የሚሰሙትን ድምፅ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ነፋስ፣ ቃጭል፣ ንብ፣ የሩቅ መኪና፣ ወፍ። በዚህ ጊዜ የልብ ምታቸው ይረጋጋል፤ ወላጅም የእያንዳንዱን ፊትና አተነፋፈስ ለማየት ፋታ ያገኛል።

ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ የማር መሪ ወፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ወፍ ሰውን እየጠራ ወደ ንብ ቀፎ ይመራል። ሑሴን ኢሳቅና ባልደረባቸው በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ ቦረናዎች መካከል ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1989 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት፣ ማር ፈላጊዎች በማያውቁት ሥፍራ ያለ ወፉ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ወፉን ተከትለው ግን 3.2 ሰዓት ብቻ እንደሚፈጅባቸው አሳይቷል። ቦረናዎቹም በተጣመረ መዳፍ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም በተቦረቦረ የዘንባባ ፍሬ እያፏጩ ወፉን ይጠሩታል። ልጆች በመዳፋቸው ማፏጨቱን መለማመድ ይችላሉ፤ ወፉን መከተል ግን ማር ቆራጭ ለሆነ አዋቂ የሚተው ሥራ ነው፤ መጨረሻው የንብ መንጋ ነውና።

6. ቀለም ፍለጋ። እያንዳንዱ ልጅ አምስት ቀለማት እንዲያገኝ ይታዘዛል፤ ቀይ አፈር፣ ቢጫ አበባ፣ ነጭ ድንጋይ፣ ጥቁር ላባ፣ አረንጓዴ ቅጠል። የሚሰበሰበው በዓይን ነው፤ ያገኘ ይጠራል፣ ሌሎቹ ይመሰክራሉ። «በዓይን እንጂ በአፍ አይደለም» የሚለው ሕግ ከጨዋታው ጋር ይያዛል። የጉሎ ፍሬ፣ የአስተናግር ፍሬና ቅጠል እንዲሁም ምረንዝ ለልጅ መርዛማ ናቸው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ልጁ እነዚህን በስማቸው እየጠራ ከሩቅ ማሳየት ከቻለ፣ ጨዋታው ግቡን መትቷል።

7. የመንጋ ቆጠራ። እረኛ ከብቱን በየጊዜው እንደሚቆጥር፣ ከልጆቹ አንዱ በተራ «እረኛ» ይሆናል። እርሱ ሲጣራ እያንዳንዱ ልጅ የተሰጠውን ቁጥር ወይም የመረጠውን የላም ስም ይጠራል። አንድ ድምፅ ከጎደለ ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ። ከፊት አንድ አዋቂ፣ ከኋላ ሌላ አዋቂ ይሆናሉ። ልጅ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ሲያስብ ነው፤ ይህ ጨዋታ ኃላፊነቱን ለልጆቹም ያካፍላል። የጠፋ ልጅም ባለበት ዛፍ ሥር ተቀምጦ መጣራት እንጂ መሄድ እንደሌለበት አስቀድሞ ይማር።

8. እንቆቅልሽና ገበጣ። ረዘም ላለው ዕረፍት «እንቆቅልሽ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ሂቦ» የሚባለው ጨዋታ ከሁሉ ይመቻል። ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚነገርባቸው በእነዚህ ከተሞች ልጆች በየቋንቋቸው ቢጠያየቁ ደስታው እጥፍ ይሆናል። መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ በጠጠር ገበጣ መጫወትም የደከመን እግር ያሳርፋል፣ ሒሳብንም ያለማምዳል። ከጨዋታው በኋላ ምግብ ሲቀርብ እጅ በሳሙና መታጠቡ አይዘነጋ።

የት ይኬዳል?

ለቡሌ ሆራ ቤተሰብ በከተማው ዳር ያሉት የቡና ማሳዎችና የግጦሽ ሜዳዎች፣ ባለቤቶቹ ከተጠየቁ፣ ለትንንሾቹ በቂ ናቸው። በያቤሎ ዙሪያ የግራር ሜዳና የጥድ ደን ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በያቤሎ የዱር እንስሳት መጠለያ የሜዳ አህያ ማየት ይቻላል፤ እዚያ ግን ጉዞው ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር መሆን አለበት። በነገሌ የሊበን ሜዳ ሰፊና ጥላው ጥቂት ስለሆነ ለማለዳ ብቻ ይመረጣል።

ኤል ሶድ፣ በአማርኛ ጨው ቤት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ከአፋፉ ቆሞ ለሚያይ ልጅ የማይረሳ ነው፤ ሰዎች ከታች ካለው ጥቁር ሐይቅ ጨው ጠልቀው ያወጣሉ። ቁልቁለቱ ረጅም፣ መልሱ ደግሞ በሙቀት ውስጥ የሚወጣ ዳገት በመሆኑ ትንንሽ ልጆችን ይዞ መውረድ አይመከርም። ሰዎች ተሰልፈው እያዜሙ ውኃ ከጥልቅ የሚያወጡባቸውን የቦረና ቱላ ጉድጓዶችም ልጆች ቢያዩ ይማሩባቸዋል። ይሁን እንጂ ቱላ የሥራ ቦታ እንጂ ትርዒት አይደለም፤ በፈቃድ መቅረብ፣ ከጠርዙ መራቅና የከብቱን መንገድ አለመዝጋት ይገባል።

ችግር ቢያጋጥም

ሀ. ሙቀት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ብዙ ላብ የታየበት ልጅ ወደ ጥላ ይግባ፣ ልብሱ ይላላ፣ ቀስ በቀስ ይጠጣ፤ ኦ.አር.ኤስ. ካለ ይሰጠው። ግራ የተጋባ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ግን በአስቸኳይ ሰውነቱ በውኃ እየራሰና እየተራገበ ወደ ሕክምና ተቋም ይወሰድ፤ ራሱን ለሳተ ልጅ በአፍ ምንም አይሰጥም።

ለ. የእባብ ንክሻ። ልጁ ይረጋጋ፣ የተነከሰው እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፣ አምባርና ጠባብ ነገር ይውለቅ፤ ከዚያም ታዝሎ ወይም በመኪና ወደ ጤና ተቋም ይድረስ። መብጣት፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። እባቡን ለመግደል የሚጠፋ ጊዜም ከልጁ የሚቀነስ ጊዜ ነው።

ሐ. ንብ። ሳይቆሙ ፊትን ሸፍኖ መራቅ ይገባል። ከንድፊያው በኋላ ፊቱ ያበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ያለ ወይም መተንፈስ የከበደው ልጅ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

መ. እሾህና የውሻ ንክሻ። ቁስል ሁሉ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ መሟላቱ ይረጋገጥ። ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በዕለቱ ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ሠ. ኋላ የሚመጣ ትኩሳት። ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ልጅ ከአንድ ሳምንት በኋላም ሆነ ከዚያ ዘግይቶ ትኩሳት ቢይዘው የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ጉዞውም ለሐኪሙ ይነገር። ቆላ የሚያድር ቤተሰብ አጎበር ይያዝ።

መራመድ ሥራው ስለሆነው ልጅ

ስለ ልጆችና ስለ እግር ጉዞ በዚህ አገር ሲጻፍ እረኛውን ልጅ መዝለል ተገቢ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ዝናቡ በመጥፋቱ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ ልጆችም ከቤተሰቦቻቸው ጋር ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ርቀው ተጉዘዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ «ብዙ ተራመድ» የሚል ምክር አይሰጥም። የሚያስፈልገው ከቤት ሲወጣ የሚይዘው ንጹሕ ውኃና ስንቅ፣ ጫማ፣ ቀትርን በጥላ ማሳለፊያ ጊዜ፣ ከእንስሳቱ የሚያርፍበት ሰዓትና ትምህርቱ ነው።

በሌላ በኩል ይህ ልጅ ከላይ የተዘረዘሩትን ጨዋታዎች ከማንም በላይ ያውቃቸዋል። ዱካውን ያነባል፣ የጥላውን ሰዓት ያውቃል፣ መንጋውን ይቆጥራል። የከተማ ቤተሰብ ገጠር ካለ ዘመዱ ጋር ቀን ወስኖ ልጆቹን አንድ ላይ ቢያሠማራ፣ አንዱ ልጅ እንቅስቃሴና ዕውቀት፣ ሌላው አንድ የዕረፍትና የጨዋታ ቀን ያገኛሉ።

ማጠቃለያ

የልጆች የእግር ጉዞ ገንዘብ የማይጠይቅ የጤና አገልግሎት ነው። አጥንትን፣ ዓይንንና ልብን ይጠቅማል፤ ወላጅና ልጅ ፊት ለፊት ሳይፋጠጡ ጎን ለጎን እየሄዱ የሚነጋገሩበትን አጋጣሚም ይፈጥራል። አደጋዎቹ በአብዛኛው የታወቁና የሚወገዱ ናቸው። ጥላ ዕረፍትን፣ የውኃ ኪራይ መጠጣትን፣ ዱካ ጥንቃቄን፣ ቆጠራ አለመጥፋትን ያስተምራሉና፣ ወላጆች ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ጨዋታውን ቢያስቀድሙ ሁለቱንም ያገኛሉ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ጥላ ከቁመት እስኪያጥር ድረስ፣ ለመጀመሪያው ወር በቂ ነው።